ማን አረዳሽ?

አስማሚ ልሆን ነው ስላት እናቴ ሳቀች። «አንቺ ከጎረቤትሽ ጋር በአጥር ተኳርፈሽ ሰው ልታስታርቂ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቁጡ ነኝ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ በቁጣዬ ነው የሚያውቀኝ። ግን ብዙ ዘመን ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ስሠራ ስንቱን ወንድማማች ሲካሰስ አይቻለሁ። ያሸነፈውም የተሸነፈውም በዚያው በር፣ በዚያው በጨፈገገ ፊት ነው የሚወጣው። ይኼ ነገር አንገበገበኝ። የአስማሚነት ሥልጠናውን ጨረስኩና ከችሎቱ ጀርባ አንዲት ቆርቆሮ ክፍል ተሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ጉዳዬ የወንድምና የእህት ነበር። አባታቸው ሸዋ ቤንች አካባቢ የቡና መሬት ትቶ ክረምት ላይ ሞቷል። መሬቱን ወንድምየው ይዞታል። እህትየው ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ ድርሻዬን ብላ ከሰሰች። ዳኛው «መጀመሪያ አስማሚዋ ትሞክራቸው። ከተስማሙ አጸድቀዋለሁ፣ እምቢ ካሉ እፈርዳለሁ» ብለው ወደ እኔ ላኳቸው።

የሚያስጨንቀው ቡናው መቅላቱ ነበር። የቀላ ቡና ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ካልተለቀመ ይረግፋል። ወንድምየው ቅዳሜ እለቅማለሁ፣ እጇን የሰደደች እንደሆነ ጉድ ይፈላል ብሎ ዝቷል። እሷም ቅዳሜ ሰዎቿን ይዛ እንደምትወጣ ምላለች። ሁለቱም የሚቀልዱ ሰዎች አልነበሩም። የመጀመሪያው ቀን ወንድምየው ገጀራውን ለጥበቃው አስረክቦ ነው የገባው።

በሥልጠናው እንደተማርኩት ለየብቻ ላነጋግራቸው አሰብኩና እህትየውን አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። እዚህ የምትናገሪው ከዚህ አይወጣም አልኳት። ስለ ካርታና ስለ ወሰን የምታወራኝ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ ቡናው አይደለም» አለችኝ። «አንድ መንገደኛ ሻይ እየጠጣ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› አለኝ። በምኑ? አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ሄደ። አባቴን የተረዳሁት እንደዚያ ነው። ወንድም እያለኝ።»

አባቴ ሲሞት እኔም ተረድቻለሁ፤ ወጉን አውቀዋለሁ። መርዶ ንጋት ላይ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይበተን፣ ሽማግሌና ዘመድ ሄዶ፣ ባለሐዘኑን አስቀምጦ ነው የሚነገረው። እንደ ተራ ወሬ አይጣልም።

«እንዳትነግሪው» አለች። «አንጀቴን እንዳቃጠለው ማወቅ የለበትም።»

ይኼኔ በሩ ተበረገደ። «ሽማግሌ በር አይዘጋም!» አለ ወንድምየው፣ ደጅ ቆሞ በዝናብ በስብሶ። «ሽምግልና ዛፍ ሥር ነው፣ ሁሉ እያየ። በር የሚዘጋ ሰው ሊሰርቅ ነው!»

«ይውጡልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር! ሰውየው ግን አልወጣም፤ እያየኝ ቆመ። የተናገረው እውነት እንደሆነ የገባኝ እዚያው ፊቱ ቆሜ ነው። ገጠር ውስጥ ሲሸመግል ያየሁት ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ምስጢር መጠበቄ ነበር፤ እሱ ያየው እህቱና አንዲት የከተማ ሴት ተዘግተው ሲዶልቱበት ነው። ወንበሮቹን አውጥቼ ከክፍሏ ፊት ባለው በረንዳ ጫፍና ጫፍ አስቀመጥኳቸው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሲያወራ ሌላው ያየዋል፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን ቃሉን አያሰማም። እስከ ዛሬም የምሠራው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ወንድምየው ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ እንዲያረዷት ሽማግሌዎች ልኬላት ነበር» አለኝ። «መንገዱን ጭቃ በላው፤ መኪናው አላልፍ ብሎ አደሩ። በነጋታው ቴፒ ሲገቡ እሷ በሌላ መኪና ወጥታለች፣ መንገድ ላይ ተላለፉ። ለቅሶ ስትመጣ ቀና ብላ አላየችኝም። አሁን ባወራው ችሎት ፈርቶ ተለማመጠ ትለኛለች። እንዳትነግሪያት።»

ሁለቱንም ሰማሁ፤ ሁለቱም አፌን ለጎሙኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው በረንዳ አጭር ነው፤ እኔ ግን መሐሉ ላይ ቆሜ አንዲት ቃል ማሻገር አልችልም። አንዱን ብናገር ዳግም የሚያምነኝ አይኖርም። ዝም ብል ቅዳሜ ደም ሊፈስ ነው። ለዓርብ ቀጠርኳቸውና ቤቴ ገባሁ። እራት አልበላ አለኝ፤ እናቴ ምን ሆነሽ ስትለኝ ሆድ ይፍጀው አልኳት።

ዓርብ ጠረጴዛውን በረንዳው ላይ አውጥቼ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። እሱ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ምንጣሮውና ስለ ችግኙ አወራ። እሷ ስለ ሕጉ አወራች። ቃላቸው እየከረረ ሄደ። እሱ ወንበሩን ገፍቶ ሊነሳ ሲል የሰማሁትን ሳልናገር መጠየቅ እችላለሁ ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ትክክል ይሁን ስህተት እርግጠኛ አልነበርኩም።

«አባትሽ ሲሞት ማን አረዳሽ?» አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠብኝ። ከዳሽኝ ነው የሚለው። ወንድምየው ጠረጴዛውን እያየ ቀድሟት፣ «ማንም አላረዳትም» አለ። «ሰው ልኬ ነበር። መንገዱ ዘጋቸው።»

«ልከህ ነበር?»

«ልኬ ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ያዘው?»

«ምን ልበልሽ? ከሰማሽ በኋላ ምን ይባላል?»

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ምንም አልፈረመችም፤ ወደኋላም አላየችም። እሱም ገጀራውን ከጥበቃው ተቀብሎ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። አበላሸሁት ብዬ እዚያው በረንዳ ላይ አለቀስኩ። ጥበቃው እንዳላየ ሆኖ አለፈ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። ወንድምየው መሆኑን ሳይ ተጋድለዋል ብዬ ነው ያነሳሁት።

«እትዬ፣ ሚዛን ገብተናል» አለ። «ሽማግሌዎቹን ይዣለሁ። ያረፈችበት አክስታችን ቤት ሄደን ልናረዳት ነው። አንቺም ነይ።»

እንዴት እንደለበስኩ አላውቅም። አክስታቸው ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጁ ላይ ቆመዋል፤ እሱ ከኋላቸው ነው። በእጁ ምንም የለም። እህትየው በሩን ከፍታ ያንን ሁሉ ሰው ስታይ ገባት መሰለኝ፣ ወደ ውስጥ ተመልሳ ራሷ ተቀመጠች። ትልቁ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ማንም እንዳልነገራት ሁሉ፣ «ልጄ፣ አባትሽ አርፏል» አሏት። መታመሙን፣ ማን እንዳስታመመው፣ ዓይኑን ማን እንደከደነው፣ የት እንደተቀበረ አንድ በአንድ ነገሯት።

ቡናውን በኋላ ተካፈሉ። ከጅረቱ ወዲህ ያለውን የእሷ ነው ያለው ራሱ ወንድምየው ነው፤ እኔ መጻፍ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ዳኛውም አጸደቁት። ሰው ስለ መጀመሪያ ጉዳዬ ሲጠይቀኝ ግን የማስታውሰው ያችን ጠዋት ነው።

ሽማግሌው ሲጨርሱ እህትየው ፊቷ አልተለወጠም። ወደ ወንድሟ ቀና አለችና፣ ከክረምቱ ጀምሮ ማንንም ያልጠየቀችውን ጠየቀችው።

«ሊሞት ሲል ምን አለ?»

ሽማግሌዎቹን አልፎ አጠገቧ ደረሰ። «ልጄ መጣች ወይ አለኝ» አለ። «ቡናው ሲቀላ ትመጣለች አልኩት።»

ያኔ ጮኸች። ስትወድቅ የያዛት እሱ ነው።