የመንግሥት ዋስ

ደጋ ተወልጄ ቆላ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቆቦ ላይ ብዙ ዘመን ሥነ ዜጋ አስተምሬአለሁ። መንግሥት ምን እንደሆነ፣ ሥልጣኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ግዴታው የት ድረስ እንደሚሄድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት እየከፋፈልኩ ሳሳይ ኖሬአለሁ። ተማሪዎቼ ያምኑኝ ነበር። እኔም ራሴን አምን ነበር፤ መዘዙም የመጣው ከዚህ ነው።

እግዜር ለአንዱ መሬት፣ ለአንዱ ግመል ሲሰጥ ለእኔ አፍ ሰጠኝ። ሠርግ ላይ ተናጋሪ ሲዘገይ ክፍተቱን እንድሞላ የምጠራው እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱ አጥር ሲመረቅ ያደረግኩትን ንግግር ዛሬም የሚያስታውሱ አሉ፤ አጥሩን ጎርፍ ወስዶታል፣ ንግግሩ ግን አለ። ስለዚህ ማሽላው ተቆርጦ የጤና መድን ማደሻው ወቅት ሲደርስና ገጠር ወርዶ ሕዝቡን የሚያሳምን ሰው ሲፈለግ፣ እጄን ለማውጣት አልተግደረደርኩም። ሚስቴ አበል እንዳለው ጠየቀችኝ። የሕሊና እርካታ እንዳለው ነገርኳት። እሷ የዋጃ፣ የራያ ቆላ ልጅ ናት፤ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

የማስረዳው ነገር ከባድ አልነበረም። አባወራው በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ መንግሥት ይጨምርበታል፣ ልጆቹ ሲታመሙ ኪሱን ሳይዳስስ ያሳክማል። ምንም ለሌለው ደግሞ መንግሥት መዋጮውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍንለታል። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ እኔ ግን ግማሽ ሰዓት የሚወስድ አድርጌ አዘጋጀሁት።

የተላክሁበት መንደር ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ይላል። ባጃጁ ካወረደኝ በኋላ አቧራውን እየጠጣሁ ስደርስ ቅሬው ግራር ሥር ተሰብስቦ ነበር። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳ ያነሳበታል፣ ለቅሶ ይቀመጥበታል። የቅሬው ዳኛ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ግን ቆሜ መናገር ነው የምወደው።

"ለሞት ታዋጣላችሁ፣ ለሕይወት ግን አታዋጡም" ብዬ ጀመርኩ። ይህችን አረፍተ ነገር ሌሊቱን ሳጣጥማት ነበር ያደርኩት። ጭብጨባ ስጠብቅ አንድ አዛውንት ከኋላ፣ ሞትስ አይቀርም፣ በሽታ ግን ካልጠሩት ሊቀር ይችላል አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ለበሽታ አስቀድሞ ገንዘብ ማስቀመጥ እንግዳ ተቀባይ እንደማቆም ነው ብለው ሌላም ጨመሩበት። እንደገና ተሳቀ። የተዘጋጀሁበት ግማሽ ሰዓት እዚያው ፈሰሰ፤ ቆላው ሙቀቱን ለቅቆብኝ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ተነሳች። ባሏ የሞተባት፣ በሽንኩርት ማሳ ላይ በቀን ሥራ ልጇን የምታሳድግ እናት ናት። ልጅቷ ጉሮሮዋን ታማ ሳትታከም ቆይታ ኖሮ በሽታው ልቧ ላይ ወርዷል። አሁን በየወሩ አንድ መርፌ ትወጋለች፤ መርፌው ከተዘለለ ልቧ ዳግም ሊጎዳ ይችላል። እናትየው መንግሥት ሙሉውን ከሚሸፍንላቸው አንዷ ናት። እንደሌሎቹ ለመሳቅ አልተነሳችም።

"መምህር፣ መድኑን የሚከፍልልኝ መንግሥት ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አለች። "የልጄ መርፌ ግን እስክታድግ ድረስ ነው ብለውኛል። መንግሥትስ እስክታድግ ይከፍልላታል ወይስ ዘንድሮን ብቻ ነው?"

እውነተኛው መልስ "አላውቅም" ነበር። አጭር ቃል ናት፤ በአማርኛ ለመናገር ምንም አታስቸግርም። እኔ ግን የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፣ ደግሞም ተስቆብኛል። ደረቴን ነፍቼ፣ "እስክታድግ ይከፍላል፤ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ዳኛው ቀስ ብለው ተነስተው፣ መምህር ለመንግሥት ዋስ መሆናቸውን ሰምታችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። ሰምተናል አሉ። አዛውንቱ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሚን አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በንግግሬ አሚን የተባለልኝ የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ያን ዕለት ብዙ ሰው ለልጆቹ ሲል መድኑን አደሰ።

ቤት ደርሼ ለሚስቴ እያጋነንኩ ተረክሁላት። አሚን ያሉበት ቦታ ስደርስ የያዘችውን ቢላ አስቀመጠች።

"በቅሬ ፊት ዋስ ነኝ አልክ?"

አዎ አልኳት።

"ለመንግሥት?"

ያንጊዜ ነው የገባኝ ብል እዋሻለሁ። ያንጊዜ የመሰለኝ ሚስቴ የቀናችብኝ ነው። እኔ ባደግኩበት ደጋም ዋስ አለ፣ ነገር ግን ሰው ለወሬ ማሳመሪያም ይጠራዋል። በራያ ቆላ በጉባኤ ፊት ዋስ ነኝ ያለ ሰው ቃሉ ከሱ ወጥቶ የጉባኤው ንብረት ይሆናል። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለውን ተረት ስንቴ ለተማሪ እንደተረጎምኩ አላስታውስም፤ ለራሴ መተርጎሙን ረስቼው ነበር።

ለጥቂት ወራት ማዕረጉን አጣጣምኩት። ገበያ ላይ "የመንግሥት ዋስ" እያሉ ሲጠሩኝ የምር ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አረማመዴን ቀየር አድርጌ ነበር፤ ሚስቴ እንደ ግመል ሆነሃል ብላኛለች። አልፎ አልፎ ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኝና ወረፋው ረዘመብን፣ ካርድ ክፍሉ ተቆጣን ይለኛል። እኔም አገጬን እየዳሰስኩ፣ ይታያል እላለሁ። የት እንደሚታይ እኔም አላውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የመድኑ ገንዘብ በሰዓቱ አልመጣም ተባለ። ልጅቷ የምትወጋበት ጤና ጣቢያ መርፌውን መግዛት አቅቶት መደርደሪያው ባዶ ሆነ። የሰማሁት ከጤና ጣቢያው አይደለም፣ ከራሷ ከእናትየው ነው። ከቅሬው ዳኛና ከዚያ በሽታን አትጥሩ ካሉት አዛውንት ጋር ሆና ቀትር ላይ ከበሬ ደረሰች። አስገባኋቸው፣ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ሚስቴ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበች። አልነኩትም። ዋሱ ቤት የመጣ ሰው ለጉዳዩ መልስ ሳያገኝ ውሃ አይቀምስም። በዚያ ሐሩር ከንፈራቸው ደርቆ፣ ብርጭቆው ከፊታቸው ላብ እያወረደ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም ውሃ ጠምቶኝ ነበር፣ ግን በምን ዓይኔ ልጠጣ።

ዳኛው ነገሩን አስረዱኝ። መርፌው የለም፤ ቀኑ ደርሷል። እኔ ወዲያው ተነስቼ፣ ችግር የለም፣ ከግል መድኃኒት ቤት እኔው እገዛዋለሁ አልኩ። ቸርነቴ ራሴን አስገረመኝ። ትልቅ ምስጋና ጠብቄም ነበር።

እናትየው አንገቷን ደፍታ አሰበች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ለዛሬው እሺ፤ በኔ ኩራት ልጄ አትጎዳም" አለች። "የሚመጣው ወርስ? ከሱ ወዲያስ ያለው? መምህር፣ ዋስ የሚፈለገው እንዲከፍል አይደለም። የጠፋውን ሰው እንዲያመጣ ነው። መንግሥትን ያምጡልኝ።"

መርፌውን ገዛሁ፣ ልጅቷ ተወጋች። እነሱም ወደ ቤቴ ሲመለሱ ውሃውን ጠጡ፤ ለዛሬው ነው ብለው ነው የጠጡት።

ከማግሥቱ ጀምሮ መንግሥትን ፍለጋ ወጣሁ። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ ብዬ ስንት ትውልድ አስሸምድጃለሁ፤ ከሦስቱ ባጃጅ ላይ ወጥቶ ግራር ሥር የሚቀመጥልኝ ግን የትኛው እንደሆነ መጽሐፉ አይልም። አንዱ ቢሮ ነገሩ የዞን ነው አለኝ። ሌላው ነገ ና አለኝ፤ ነገ ስሄድ ስብሰባ ገብቷል። ሌላው ደግሞ፣ አቤቱታዬን ከሰማ በኋላ፣ ለመሆኑ ማን ወክሎህ ነው ለመንግሥት ዋስ የሆንከው ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ተናድጄ ወጣሁ።

በመጨረሻ የመድኑን ሥራ የሚመራው ኃላፊ ዘንድ ደረስኩ። የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። የመንግሥትን ግዴታዎች ዘርዝር የሚለውን ጥያቄ ባዶ ትቶት በሥነ ዜጋ ጥዬዋለሁ። እሱም ያስታውሳል፣ እኔም አስታውሳለሁ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም። ገንዘብ እንድትሰጠኝ አይደለም የመጣሁት፣ ራስህን እንድትሰጠኝ ነው አልኩት። የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ስለ ልጅቷ ስነግረው ግን ሳቁን ተወ። "ጋሼ፣ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?" አለኝ። የማልመልሰው ጥያቄ በረከተብኝ።

በቅሬው ቀን ይዤው ሄድኩ። ባጃጁ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ምናልባት ዘልሎ ይወርድብኛል ብዬ ክንዱን ይዤ ነበር። ግራሩ ሥር ስንደርስ ግን ከእኔ ይልቅ እሱ ሰው ሆነ። መሬት ላይ ተቀመጠ፣ አልቆመም። ገንዘቡ ለምን እንደዘገየ ነገራቸው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ከዚያ ደግሞ የመንግሥት በጀት በየዓመቱ እንደሚጠየቅና በየዓመቱ እንደሚፈቀድ፣ ከሰኔ ወዲያ ስላለው ግን እንዲምል ማንም ሥልጣን እንዳልሰጠው ተናገረ። እኔ በሆዴ፣ ትንሽ ዋሽ እያልኩ እለምነው ነበር። አልዋሸም። ያኔ በፈተና ባዶ የተወው ቦታ ታማኝነት እንደነበር ያን ቀን ጠረጠርኩ።

እናትየው አዳምጣ ስትጨርስ ተነሳች። ድምጿ አልተቆጣም፤ የደከማት ይመስል ነበር።

"ሐኪሙ እስክታድግ ይለኛል። እናንተ እስከ ሰኔ ትላላችሁ" አለች። "በመሃል ያለውን ማን ይያዝልኝ?"

እኔ፣ አጥር የመረቅኩት ሰውዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ጉንዳን ማየት ጀመርኩ። አፈርኩ። አፈርኩ ስል ሌላ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ያች ሴት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስትጠይቅ የነበረችው ይህንን ብቻ እንደሆነ ገብቶኝ ነው። እኔ ለጥያቄዋ ያቀረብኩላት ራሴን ነበር።

ቀድመው የተናገሩት እኒያ በሽታን አትጥሩ ያሉት አዛውንት ናቸው። እኛ ቃሬዛ ለመሸከም የተማማልን ሰዎች ነን፣ ልጅቷን በእግሯ እያለች ብንይዛት ማን ይከሰናል አሉ። ክርክሩ ረዘመ። ቅሬ ለሞተ እንጂ ለታመመ አዋጥቶ አያውቅማ። በስተመጨረሻ ዳኛው ብያኔ ሰጡ። የመንግሥት ገንዘብ በሚዘገይበት ወር የመንደሩን ልጆች መድኃኒት ቅሬው ገዝቶ ይጠብቃል። ኃላፊው የዘገየውን ያስመጣል። እኔን በተመለከተ፣ ከዋስነቴ የሚያወርደኝ ነገር አልተገኘም፤ በየዓመቱ መኸር ሲገባ የመንግሥትን ሰው እዚህ ግራር ሥር አምጥቼ ስለሚቀጥለው ዓመት እንዲናገር አደርጋለሁ። ንግግር ግን እንዳላደርግ ተከልክያለሁ። ኃላፊው ወደ ቆቦ እስክንደርስ ድረስ ሲስቅ ነበር።

መርፌው ከዚያ በኋላ መጥቷል። አንድ ጊዜም ዘግይቶ ነበር፣ ቅሬው ገዛው። እኔም ሳላስበው ልማድ ሆነብኝና በየወሩ ልጅቷ በምትወጋበት ቀን ጤና ጣቢያው ብቅ እላለሁ። ሥራ ያለኝ ለመምሰል ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነባለሁ፤ ስለ እርግዝና ክትትል አሁን ብዙ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር እናትየው ካርዱን ማኅተም ልታስመታ ወረፋ ስትይዝ ልጅቷ ተወግታ እያነከሰች ወጣች። ወፍራም መርፌ ነው፣ ያማል። አግዳሚው ላይ አጠገቤ መቀመጥ ስላቃታት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እንባዋን ጠርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"አንቱ ነዎት በየወሩ የሚያስወጉኝ?" አለችኝ።

እኔ አይደለሁም ልል ነበር። ሰው ግን ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለፋበትን ነገር እንዴት ይክዳል? አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት። መቼ እንደሚያበቃ ጠየቀችኝ። ስታድጊ አልኳት። ሽበቴን አየች፣ በትሬን አየች፣ ከዚያ በልጅ ዓይን የማይደበቀውን ሁሉ ደመረች።

"እስከዚያ አንቱ ይኖራሉ?"

እናቷ ወረፋዋን ትታ ዞር ብላ ታዳምጠን ነበር። ፈራሁ። በዚያ ግራር ሥር ያልፈራሁትን ያህል ፈራሁ፣ ምክንያቱም አሁን መልሱን በትክክል አውቀዋለሁ፤ ያች አላውቅም የምትባል አጭር ቃል ናት። ልጅቷ ግን ግድግዳው ላይ ተደግፋ መልስ ትጠብቃለች።

"እኖራለሁ" አልኳት።