በወንድም ልክ የተሰፋ ክፉ ሰው

ሰፈርተኛው «ባለሁለት ምላሱ» ይለዋል። ለሐሜት አይደለም፤ ሥራው ትርጉም ስለሆነ ነው። በሥራ ሰዓት የፍርድ ቤት ወረቀት፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ አስፈሪ ልብ ወለድ ይተረጉማል። ከተረጎማቸው አንዱ ቀን ቀን ደግ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጨካኝ የሚሆን የአንድ ዳኛ ታሪክ ነበር። መጽሐፉ በየቢሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አንባቢ ሁሉ ያደነቀው የክፉውን አሳሳል ነው። ክፉው ዳኛ ከመናገሩ በፊት በአፍንጫው አየር ሳብ ያደርጋል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ሰው ሲያይ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። «ከየት አመጣኸው?» ሲሉት ተርጓሚው ደረቱን ይነፋ ነበር፣ ሞኝ!

አንድ ቅዳሜ ታላቅ ወንድሙ፣ ልብስ ሰፊው፣ መጽሐፉን ይዞ መጣ። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ያሳደገው እሱ ነው፤ ተርጓሚው ከእሱ ሌላ ዘመድ የለውም። መጽሐፉን ገለጠለት። አሥራ አንድ ቦታ በጠመኔ ተሰምሮበታል።

«ይኼ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለ፣ በአፍንጫው ሳብ አድርጎ።

«ጋሼ ደግሞ! እኔ ምን አደረግኩ? ደራሲው ነው እንዲህ ያለው።»

«እንግዲያስ ደህና» አለና እግሩን እየጎተተ ወጣ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ተርጓሚው ዋናውን መጽሐፍ አውጥቶ ያስተያየው እንዲያው ለወጉ ነው። ከተሰመረባቸው አንዱም እዚያ የለም። ደራሲው ስለ ክፉው ዳኛ የሚለው፣ የገባበት ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰበብ እየፈለገ እንደሚወጣ ብቻ ነው። መልክም አካሄድም አልሰጠውም፤ ክፉው ያው ደጉ ሰውዬ ነውና ሌላ እግር ምን ያደርግለታል? ክፋትን ከአንድ ምስኪን እግር ጋር ያሰረው ተርጓሚው ራሱ ነው። ለምን? ከሃያ ዓመት በፊት ፈተና ወድቆ ሲመጣ፣ ወንድሙ ደንበኛ ፊት «አንተ መቼም ሰው አትሆንም» ብሎት ነበር። ለዚያች ለአንዲት ቃል ይህን ሁሉ ዘመን ቂም ቋጥሮ ኖረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የታተመውማ ምን ይደረጋል?

ሰኞ ስፌት ቤቱ ሄደ። ይቅርታን በሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በር ላይ ቆሞ የልብስ ወሬ ጀመረ።

«ኮት ፈልጌ ነበር» አለ።

ወንድሙ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ትከሻውን ለካ፤ ደግሞ ለካ።

«ቀኝ ትከሻህ ዛሬም ዝቅ እንዳለ ነው።»

«የቱ ዝቅ ያለ?» በዕድሜው ሰምቶት አያውቅም።

«ከልጅነትህ ጀምሮ እኮ ነው። ሰው እንዳያይብህ በዚህ በኩል ጥጥ እየጨመርኩ ነው የምሰፋልህ።»

ተርጓሚው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። አንገቱን ደፋ፤ እንባው መጣ። «ጋሼ...» ሲል ጀመረ።

«ቀጥ በል» አለው ወንድሙ፤ «ልኩን ታበላሽብኛለህ።»