አማርኛ ብቻ የሚሰማው ሱልጣን

ስለ ሐሊማ ለመናገር ከድመት መጀመር ነውር ይመስላል። ግን ምን ላድርግ፤ እዚህ ከየመን ድንበር አጠገብ፣ ሳምጣ ከተማ ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ የሚያውቋት በድመቱ ነው። «የሱልጣን ሐሊማ» ነበር የምትባለው። ሱልጣን ድመቱ ነው። እኔ ጌቱ እባላለሁ፤ ድመቱ ያለበት ቤት ሾፌር ነኝ። እኔን ማንም በማንም አያውቀኝም።

ሐሊማ የከሚሴ ሴት ናት። መጀመሪያ የመጣችው እንደ ብዙዎቻችን በባሕር ነው፤ በጀልባ ተሻግራ፣ የመንን በእግሯ አቋርጣ፣ የየመን ጦርነት ገና ሳይጀመር። ስለዚያ መንገድ የጠየቃት ሰው «ጫማዬ አለቀ» ከሚል ሌላ መልስ አግኝቶ አያውቅም። በኋላ አላህ ብሎላት የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን አገኘችና ኡም ፈይሰል ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። እኛ ማዳም ነው የምንላት። ሐሊማ የማዳምን ልጆች አሳደገች። ልጆቹ አንዱ ወደ አብሃ ሌላው ወደ ጅዳ ሲበተኑና ቤቱ ጭር ሲል፣ ማዳም «ለሦስት ሰው ሠራተኛ ምን ያደርጋል?» ማለት ጀመረች። ይህችን ቃል ሐሊማ በር ላይ ቆማ ሰምታታለች። ልክ በዚያ ሰሞን፣ ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ፈይሰል ከጅዳ ለእናቱ ስጦታ ይዞ መጣ።

ስጦታው ቤንጋል የሚባል ዘር ድመት ነው። ነብር ለመሆን ተነሥቶ መሃል ላይ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። አብሮት አንድ ፋይል መጣ። ፓስፖርት አለው። የክትባት ደብተር አለው። ቆዳው ሥር የተቀበረ የመለያ ቁጥር አለው። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ አምስት ትውልድ የሚቆጥር፣ ማኅተም ያረፈበት የዘር ሐረግ አለው። ማዳም ይህን ለእንግዳ ሁሉ ታነባለች።

«አምስት ብቻ?» አለችኝ ሐሊማ ቀስ ብላ። «እኔ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፤ ማን ማኅተም መታልኝ?»

ባለ አምስት ትውልዱ ጌታ በገባ በሳምንቱ የሳሎኑን መጋረጃ አወረደ። ማቀዝቀዣ መክፈት ተማረ። የውሃ ቧንቧ ከፍቶ መዝጋቱን ለሌላ ይተዋል። የማዳም ባል በሥራ ቀን ራሱ ላይ የሚያስረውን ቀይ ጨርቅ፣ ሽማጉን፣ እንደ ጎመን ከተፈው። ማዳም «ጂን አለበት» ብላ ሸኽ አስጠራች። ሸኹ ሳሎን ተቀምጠው፣ ድመቱ ከቁም ሣጥን ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ መብራቱ ሲዘል ትንሽ ተመለከቱና «ይኼ ጂን አይደለም። ጂን ያርፋል» ብለው ሄዱ።

ነገሩ የገባት ሐሊማ ብቻ ናት። «ሥራ ፈትቶ እኮ ነው» አለች። «እኛ አገር ወይፈን አጥር የሚያፈርስ ሥራ ሲያጣ ነው። ይኼም እንደሱ ነው፤ ጉልበቱን የት ያድርገው?»

ሥራ ሰጠችው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ጣሪያው ላይ ታወጣውና በገመድ ጫፍ ጨርቅ አስራ ታስሮጠዋለች። የሚሮጠው እሱ፣ የሚያልባት እሷ። ምግቡን በሳህን አትሰጠውም፤ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ እየሸጎጠች ፈልጎ አድኖ እንዲበላ ታደርገዋለች። ቀትር ላይ እንቅልፍ፣ አመሻሽ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለተኛው ዙር። በሁለት ወሩ ሱልጣን ሌላ ሆነ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል፤ ይኼኛው ግን እውነትም መነኮሰ። መጋረጃው ተሰቀለ፣ እንግዳ ተጠራ፣ ማዳም «ዘር ነው እኮ፣ ዘር!» እያለች ተመጻደቀች።

አንድ ነገር ግን ነበር። ሐሊማ ድመቱን ያስተማረችው በአማርኛ ብቻ ነው። «ና ውሮ»፣ «ውረድ»፣ «ተው»፣ «እንካ» ሲባል ይሰማል። ማዳም «ታዓል ያ ሱልጣን!» ብላ በአረብኛ ስትጠራው ግን መስኮት መስኮቱን ያያል። ከሐሊማ እጅ ካልሆነ፣ «እንካ» ካልተባለም አይበላም።

«በአረብኛ ብታስተምሪው ምን ነበረበት?» አልኳት።

«አንተ ሞኝ ነህ፣ ጌትዬ» አለችኝ። «አረብኛማ ቤቱ ሁሉ ይችላል።»

ያኔ ነው ያደነቅኳት። ሴትዮዋ ለራሷ ሁለተኛ ኢቃማ እየሠራች ኖሯል፤ ጥፍር ያለው።

እኔና ሱልጣን አልተዋደድንም። በየሦስት ወሩ ጂዛን ከተማ ሐኪም ዘንድ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ለእኔ «ነዳጅ ይበላል» የሚባለው የመኪናው ማቀዝቀዣ ለእሱ እንደ ልብ ይለቀቃል። አንድ ቀን ኬላው ላይ ስንቆም፣ ከድንበሩ በኩል የመጡ የአገሬ ልጆች፣ ዐሥራ አንድ ይሆናሉ፣ ግድግዳው ጥግ ተደርድረው ተቀምጠው ነበር። ከንፈራቸው ደርቋል። አንድም ወረቀት ያለው የለም። ወታደሩ የእኔን ኢቃማ ካየ በኋላ ወደ ኋላ ወንበር ተመለከተና «ይህስ?» አለ። ፋይሉን ሰጠሁት። ገጽ በገጽ አገላብጦ፣ «ማሻአላህ፣ ሁሉ ነገሩ የተሟላ ነው!» ብሎ አሳለፈን። ከተደረደሩት አንዱ ወደ ድመቱ እያየ ሣቀ። እኔ አልሣቅኩም፤ እስካሁንም ያንን ሣቅ ሳስታውስ ያመኛል።

በአምስተኛው የጦርነት ዓመት ከከሚሴ ስልክ ተደወለ። የሐሊማ ልጅ ፈትያ ታጭታለች፤ ኒካሑ በሸዋል ወር ነው። ሐሊማ ልጇን ጥላት ስትወጣ ፈትያ ጥርሷን የምትለውጥ ሕፃን ነበረች። ሐሊማ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኹሩጅ ወ ዓውዳ የሚባለውን፣ ሄዶ መመለሻውን ቪዛ። ሁለት ወር ቆይታ፣ ልጇን ድራ፣ እንደገና በአውሮፕላን መመለስ። መመለሱ እንደ መሄዱ ያህል ያስፈልጋት ነበር። ይህ ቪዛ ከቀረ ያላት ሌላ በር ያው ጫማዋን የጨረሰው መንገድ ነው፤ አሁን ደግሞ ከላይ መድፍ ይተኮስበታል።

ማዳም ፊቷ ገረጣ። «ሁለት ወር? ሱልጣንስ?» አለች። ባለፈው ዓመት ሐሊማ ትርፍ አንጀቷን ታማ ሦስት ቀን ሆስፒታል ስትተኛ፣ ድመቱ ሦስቱንም ቀን ጾሞ ነበር። «ወላሂ ይሞትብኛል። ሌላ ጊዜ ትሄጃለሽ፣ ኸላስ።»

ሐሊማ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። «ገመዱን የፈተልኩት እኔ፣ የታሰርኩበትም እኔ» አለች። አለቀሰችና ወዲያው በራሷ ተናደደች።

ምክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አሁን ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል? «ለሌላ ሰው አላምጂዋ!» አልኳት። «ከሌላ ሰው እጅ ከበላ ማዳም ምን ምክንያት አላት?» በራሴ ብልህነት ተደስቼ ሁለት ቀን እያፏጨሁ ነዳሁ።

ማዳም ሞከረች፤ ጥፍሯ እንዳይሰበር ጓንት አድርጋ ስለ መጣች ድመቱ ጓንቱን በላ። ባሏ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነው። የቀሩት የባልየው አባት፣ ሁላችንም «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ የምንላቸው አቡ ያሕያ ናቸው።

አቡ ያሕያ ከጡዋል ወዲህ፣ ድንበሩ ሥር ባለች መንደር የማሽላ ገበሬ ነበሩ። ጦርነቱ መንደሪቱን ባዶ ሲያደርጋት ልጃቸው ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ዝንብ ማባረርና ድመቱ ላይ ነጠላ ጫማ መወርወር ነበር። መድፉ ባጓራ ቁጥር ቀና ብለው «ይኼ እርሻዬ ላይ ነው» ይላሉ።

ሐሊማ አንድ ጠዋት ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣች ጠራቻቸው። «ዓሚ፣ ትከሻዬን አሞኛል፤ ይችን ገመድ አንዴ ያዙልኝ።»

«ለዚህ ሸይጣን?»

«ለወፍ ነው ብለው ያስቡት። ማሽላ በወፍ ሲበላ ዝም ይላሉ?»

ሽማግሌው ገመዱን ያዙ። ልብሱን ተሸክሜላት እዚያው ነበርኩና አያያዛቸውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ወንጭፍ የያዘ ሰው እጅ ነው። አንዴ በራሳቸው ዙሪያ አሽከርክረው ለቀቁት። ጨርቁ እያፏጨ ሄደ፣ ሱልጣንም ከውሃ ታንከሩ ላይ ተወርውሮ አየር ላይ ቀለበው። ሽማግሌው ሣቁ። እዚያ ቤት በቆየሁበት ዘመን ሲሥቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እኔም በልጅነቴ ማሽላ ጠብቄያለሁ» አለች ሐሊማ።

«በምን ታባርሪ ነበር?»

«በወንጭፍና በጩኸት።»

«እኛም በወንጭፍና በጩኸት» አሉ፤ ዘመድ ያገኙ መሰሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የሰባ አምስት ዓመት አረብ አማርኛ መማር ጀመሩ፤ ያውም የከሚሴ አማርኛ። «ና ውሮ» ለማለት ጥርስ አያስፈልግም፤ «እንካ» ትንሽ አስቸገረቻቸው። ሐሊማ ግን ታጋሽ አስተማሪ ናት። ካርቶኑን እንዴት እንደሚሸጉጡ፣ መቼ እንደሚያሳርፉት፣ ሲደክመው ጆሮው እንዴት እንደሚሆን ሁሉንም አሳየቻቸው። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ሱልጣን ከሽማግሌው እጅ በላ። ሐሊማ ለፈተና አራት ቀን ሙሉ ጣሪያ ሳትወጣ ከረመች፤ አራቱንም ቀን በላ። ማዳም «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለች ሐሊማን ሳመቻት። «ቪዛሽን ዛሬውኑ እናወጣለን» አለች።

የመሄጃዋ ቀን ጠዋት ሻንጣዋን መኪና ላይ ጫንኩ። ማዳም ብርድ ልብስና ሽቶ ሰጠቻት፣ ለፈትያም የአንገት ጨርቅ ጨመረችላት። እውነቴን ነው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ብዙ ደክመሻል ሐሊማ» አለቻት። «ልጅሽም ናፍቃሻለች። ከእንግዲህ ዕረፊ። ስለ ሱልጣን አታስቢ፣ ዓሚ አለለት።» ፓስፖርቱን ከነወረቀቱ አስጨብጣት ገባች።

ሐሊማ አረብኛ የምታነበው ልጅ ሳለች ቁርኣን እንደ ቀራችበት፣ ፊደል በፊደል ነው። ግቢው ውስጥ ቆማ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አስኬደች። «ኹ…ሩጅ» አለች። ከዚያ ቆመች። ጣቷ ቀጣዩ ቃል ላይ ነው። «ኒ…ሃ…ኢ።»

ይህን ቃል እዚህ አገር ያለ ሠራተኛ ሁሉ ሳያነብም ያውቀዋል። የመጨረሻ መውጫ ማለት ነው፤ መመለስ የለውም። የማዳም ቤት ሦስት ሰው ብቻ ነበር፤ ድመቱም አሳዳጊ አገኘ፤ ታዲያ ሐሊማ ምን ታደርጋለች?

«ገብቼ ልለምናት» አልኩ። «ምን ብለህ?» አለችኝ። እውነትም፣ ምን ብዬ? ከላይ ከጣሪያው የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል፤ «ና ውሮ! ና!»

«ጥሪው!» አልኳት። «አንዴ ጥሪው፣ እታለም። አይቶሽ ከሄድሽበት መጾሙ አይቀርም፤ ሦስት ቀን ከጾመ ራሷ ቪዛውን ትቀይረዋለች።»

ቀና አለች። በዚያ በሚያውቀው ድምፅ «ና ውሮ» አለች።

የሱልጣን ጭንቅላት ከጣሪያው ጠርዝ ብቅ አለ። አያት። አንድ ጆሮው ወደ እሷ ዞረ። ከኋላው ጨርቁ አፏጨ፤ ጭንቅላቱም ጠፋ።

በምትኩ አቡ ያሕያ ብቅ አሉ፣ ገመዱ በእጃቸው። «ሐሊማ! ሁለት ወር ነው ያልሽው፣ አይደል? እንዳትዘገዪ፤ ‹ውረድ› የምትለዋን ገና አልሰማኝም!»

«ኢንሻአላህ፣ ዓሚ» አለች። አልነገረቻቸውም። ወደ እኔ ዞራ «አየኸው? መቼም ማስተማር እችልበታለሁ» ብላ ሣቀች። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን እስክትዘጋ ሣቋ አልቆመም፤ ከዚያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አለቀሰች። ማቀዝቀዣውን እስከ ጥግ ለቀቅኩላት። ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም።

ኒካሑ ደርሶ ፈትያን ዳረች። ከሦስት ወር በኋላ ደወለችልኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ድመቱ በልቶ እንደ ሆነ ነው። በልቷል አልኳት፤ ሽማግሌውም በየጠዋቱ በከሚሴ አማርኛ እየጠሩት፣ «የት ቀረች?» እያሉ እኔን እንደሚጠይቁኝ ነገርኳት። ቀጥላም ሕፃናት የሚጠብቅ ሰው የሚፈልግ ቤት ስላልተገኘላት አንድ ነገር ለመነችኝ።

«ጌትዬ፣ እዚያ አካባቢ ያበደ ድመት ያለበት ቤት ፈልግልኝ። መጋረጃ የሚያወርድ ይሁን። የዚህኛውን ቋንቋ ግን ወላሂ፣ ለማንም አላስተምርም።»

እየፈለግኩላት ነው። እስካሁን ያየኋቸው ድመቶች ሁሉ ጨዋ ናቸው።