የቅቤው ብር

ደርግ የንጉሡ መልክ ያለበትን ብር የለወጠ ጊዜ ዱራሜ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ። በተቆረጠው ቀን ያላስለወጠ ወረቀት ታቅፎ ይቀራል ተብሎ በራዲዮም በገበያም ተለፈፈ። እኔም ዳምቦያ ወላጆቼ ቤት ሄጄ፣ አባቴ እሳት ዳር እንደተቀመጠ፣ እናቴን አሮጌ ብር ካላት ሆሳዕና ባንክ እንደማስለውጥላት ነገርኳት። እኔ ደግሞ ብር ከየት አመጣለሁ ብላ ጓዳ ገባች። አባቴ ሳቀ። እኔ ሞኟ አመንኳት!

እኛ አገር ሴቶች ዊጆ በሚባል ማኅበር ቅቤ ያዋጣሉ፤ ተራ የደረሳት የሁሉንም ወስዳ ትሸጣለች። ያንን ገንዘብ ባል አይጠይቅም፣ ሚስትም ባሏ ፊት አታነሳውም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ደመወዝተኛ ስሆን ረሳሁት።

ከወራት በኋላ እናቴ ታናሽ እህቴን እጇን ይዛ ዱራሜ ከች አለች። የልጅቷ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን እየፋቀ ስታለቅስ ነው የምትውል። አባቴ ነገሩን ለጸሎት ትቶታል። እናቴ ከጉያዋ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ብር አወጣች፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

"ሞላልኝ። ሐኪም ቤት ወስደሽ ዓይኗን አሠሪልኝ" አለችኝ።

ከላይ ካሉት ጥቂት አዳዲሶች በቀር ሁሉም የንጉሡ ነበር። ክው አልኩ። ቀኑ ማለፉን ብነግራት አልተዋጠላትም። የእናቷ ጠገራ ብር፣ ወረቀቱ ከመጣ በኋላም ስንት ዘመን ሲሠራበት አይታለች፤ ገበያው እንቢ ቢል እንኳ መንግሥት የገዛ ገንዘቡን አይክድም አለችኝ። ጠገራው ቢያንስ ቀልጦ ጌጥ ይሆናል ብዬ ላስረዳት ጀመርኩና ተውኩት።

ሆሳዕና ባንክ ይዣት ብሄድ ገንዘብ ያዡ ኖቶቹን ሳይነካ፣ ጊዜው አልፏል ጓዲት አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ስንወጣ ንዴቴን በእናቴ ተወጣሁ፤ ያኔ ስጠይቃት ለምን እንደደበቀችኝ ጮኼ ጠየቅኳት።

"አባትሽ ፊት ጠየቅሽኝ እኮ፣ ልጄ" አለችኝ።

ብሩን በእንሰት ቅጠሉ መልሼ ጠቅልዬ ወደ ዱራሜ መኪና ተሳፈርን።

ከደመወዜ እየቀነስኩ ገንዘቡን እስክሞላ ሌላ ዓመት አለፈ። ሐኪሙ የእህቴን ዓይኖች በባትሪ አየና፣ ብሌኑ ጠባሳ ሆኗል፣ አምና ብታመጧት ይተርፍ ነበር አለ። እናቴ አማርኛ አትሰማም። ምን አለ ብላ እጅጌዬን ያዘችኝ።

"ያኔ ብንመጣም አይድንም ነበር ይላል" አልኳት በከምባትኛ።

እህቴ ግን ዓይኗ ሳይብስባት ትምህርት ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ አማርኛ ትሰማለች። ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረችና የእናታችንን እጅ ዳብሳ ያዘች።