ጆሮዬ እየጮኸ ለቅሶ የለም

መጀመሪያ የጮኸው የቀኝ ጆሮዬ ነው። ከመካነ ሰላም ክሊኒክ መርፌ ተወግቼ ስመለስ፣ ገበያው አጠገብ ስደርስ ሲይይ አለ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ቤት ስገባ ግራውም ጀመረ። ውኃ ሊፈላ ሲል እንደሚያሰማው ያለ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ብቻ አይፈላም፣ አይበርድም።

ጊዜው ረሃብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሠርቶ እህል ሊልክልን ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ገብቷል። እኔ ሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ ተኝቻለሁ። የሚወጉኝ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ነው። እናቴ ዘይነባ ከድርሻዋ እየቀነሰች ታጎርሰኛለች፤ «በልቻለሁ» ትላለች፣ አልበላችም። መርፌው ነፍሴን አትርፎልኛል፣ አልክድም። ጆሮዬን ግን ይዞብኝ ሄደ።

በእኛ ቤት ጆሮ ሲጮህ የሩቅ ሰው እያነሳሽ ነው ይባላል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ስም ይጠራል፤ ጩኸቱ ቀነስ ያለበት ስም እሱ ነው። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ የዘመድ ስም ሁሉ ጠራች። ምንም የለም። «ሰይድ» ስትል ግን፣ እንጃ፣ ቀነስ ያለ መሰለኝ። ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ የጠዋት ሰላምታችን ሌላ ሆነ።

«ዛሬም ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

«አልሐምዱሊላህ። ልጄ አለ።»

እኔን የሚያሳብደኝ እሷን ያኖራታል። ምን ልበላት?

ከዚያ መርዶ መጣ። አብሮት የተሻገረው ይመር የሰይድን ጋቢ ይዞ ደጃችን ቆመ። ሰይድን ወባ ገድሎታል። እዚያው ማዶ ቀብረውታል። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔ አለቀስኩ። እናቴ አላለቀሰችም።

«የልጄ ጆሮ እየጮኸ ለቅሶ አልቀመጥም» አለች። ለነፍሱ የሚወጣውን ሰደቃም ከለከለች። ጋቢውን አጥባ፣ አጥፋ፣ ሲመጣ ይለብሰዋል ብላ አስቀመጠችው።

ንጉሡ ወረዱ። ደርግ መጣ። መሬት ሲታደል እናቴ የሰይድንም ድርሻ ስጡኝ ብላ ተከራከረች፤ የሚያውቋት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። እኔ ጩኸቱ ቢቆም ወንድሜን የምገድለው መሰለኝ። ባይቆምም እናቴ ደጅ ደጁን እያየች ልታልቅ ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አስጠላኝ። በመጨረሻ በወረኢሉ በኩል በጭነት መኪና ደሴ ሆስፒታል ሄድኩ። እናቴም ካልመጣሁ ብላ ተከተለችኝ። ለምን እንደመጣች ያወቅኩት ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ ነው።

«ዶክተር፣ እባክዎን ዝም እንዳያሰኙብኝ።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ነገሯን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ወፍራምና ቀጭን ድምፅ የሚያወጡ የሚነዝሩ ብረቶች ወደ ጆሮዬ እያስጠጋ መረመረኝ። ወፍራሙን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭኑን አልሰማሁም።

«ቲኒተስ ይባላል» አለኝ። «ጆሮሽ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ስስ ሴሎች ነበሩ። የቀጭኑን ድምፅ ተቀባዮች መድኃኒቱ ገድሏቸዋል፤ አይመለሱም። አንጎል ግን ከዚያ በኩል ድምፅ መጠበቅ ለምዷል። ሲጠፋበት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይበልጥ ያዳምጣል፣ ይበልጥ ይጠብቃል። ከዚያ ከራሱ ድምፅ ያወጣል። የምትሰሚው እሱን ነው።»

እናቴ ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለች።

«እንደማይመጣ የሚነግረው የለም?»

«የለም፣ እናቴ። ቀስ በቀስ ግን አንጎሏ ይለምዳል፤ ቢጮህም አይረብሻትም።»

«መርዶ አልደረሰውማ» አለች ቀስ ብላ።

 ቤት እንደገባን ጋቢውን አወጣች። ምንጣፉን ራሷ አነጠፈች፣ ጎረቤት ራሷ ጠራች፣ ይመርንም አስጠርታ እንዴት እንደሞተ ከመጀመሪያው አስነገረችው። ጋቢውን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ሰደቃው ወጣ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ይጮሃል።

ይህን የምጽፈው ጆሮው ለሚጮህበት ሰው ነው። መርፌ ወይም ኪኒን ጀምረህ ጆሮህ ከጮኸ፣ ዛሬውኑ ለሐኪምህ ንገር፤ መድኃኒቱን ግን በራስህ አታቋርጥ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ወይም እንደ ልብ ምት ከመታ፣ ወይም መስማትህ በድንገት ከቀነሰ አትዘግይ። ፍጹም ጸጥታ ውስጥ አትቀመጥ፤ እኔ ሬዲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ፣ ዝናብ ሲዘንብ ደስ ይለኛል። ሲደክምህና ስትጨነቅ ይብሳል። ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል እንጂ እንቅልፌ ተመልሷል፤ አግብቼ ወልጃለሁ፣ ጩኸቱን ረስቼው የምውልባቸው ቀኖችም አሉ። ለወጋኝ የክሊኒክ ሠራተኛ፣ እናቴን ለሰማት ሐኪም አላህ ይስጥልኝ። ከጉሮሮዋ ቀንሳ ያጎረሰችኝን እናቴን ግን ምን ብዬ ላመስግናት?

እሷም ሞታለች፤ ወግ ባለው ለቅሶ ቀብረናታል። ሰይድም እንደማያነሳኝ አውቃለሁ። አንዳንድ ጠዋት ብቻ፣ የሚጠይቀኝ ሳይኖር፣ «ይጮሃል» እላለሁ።