በጓሮ የቀረው ማዕድ

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሶዶ ውስጥ የትኛው ቤት ምን እንደሚጣፍጥ ከአቶ ጉልላት የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነው፤ ሆዳም አይባልም። ሚስቱ አስካለች በነሐሴ ወር ሦስት ቀን ብቻ አተኩሷት ከሞተች ወዲህ፣ የስድስት ዓመት ልጁ ብርሃኔ እህል አልወርድ ብሏት ነበር። ከተማውን ያዳረሰው እሷን የሚያስቀምስ ቤት ሲፈልግ ነው።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር የዓይኗን ቆብ ገልጦ፣ ሆዷን ጫን ጫን አድርጎ አየና፣ «በሽታ የለባትም፤ ትብላ ብቻ» አለው። ልጅ ያሳደገች ሁሉ ታውቀዋለች፤ «ትብላ ብቻ» ለሚናገረው ነው የሚቀለው።

እንጀራ ሲሰጧት ጫፉን ቆርሳ በጣቶቿ መካከል ታንከባልለዋለች። ወተት ሲቀርብላት ሁለት ጊዜ ተጎንጭታ ኩባያውን በእግሯ ራቅ ታደርገዋለች። ቀን ቀን የሚጠብቋት ጎረቤታቸው እማማ ፈጠነች ተረት እየነገሩ ሊያጎርሷት ሞከሩ፤ ልጅቷ ተረቱን እስከ መጨረሻው ሰምታ ጉርሻውን ጉንጯ ውስጥ እንደያዘችው ቀረች።

ጉልላት ከሥራ ሲወጣ ድርብርብ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ይዞራል። አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት የወይዘሮ የትምወርቅ ምግብ ቤት አለ፤ ዶሮ ወጧ ከሩቅ ያስጠራል። ከገበያው በላይ የብሩ ሥጋ ቤት አለ፤ ጥብሱን ቅቤ ላይ ሮዝመሪ ነስንሶ ነው የሚያወርደው። ከዚያ ዝቅ ብሎ አረብ ቤት ትኩስ ዳቦ ከማር ጋር ይገኛል። ሁሉንም አመጣላት። ልጅቷ ትቀምሳለች፣ ትመልሳለች፤ የተረፈውን እንዳይደፋ እሱ ይበላዋል።

«ጋሼ ጉልላት» አለችው የትምወርቅ አንድ ቀን፣ የምሳ ዕቃውን እየሞላች ቀበቶውን አየት አድርጋ፣ «እኛ እኮ የምናወፍረው ልጅቷን መስሎን ነበር።»

ሳቀላት። ከበሯ ሲወጣ ግን ሳቁ አብሮት አልወጣም። ኪሱ ውስጥ፣ የልጅቷን መክሳት ቢጽፍላት እህቱ ብርቄ ከአዲስ አበባ የላከችው መልስ ነበረ። «ወንድሜ ሆይ፣ ሴት ልጅን ወንድ ብቻውን አያሳድጋትም። ለጥምቀት መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ልብሷን አዘጋጅ» ይላል። እንዳይከራከራት የልጁ ክንድ የሸንበቆ ያህል ቀጥኗል። እንዳይሰጣት ደግሞ፣ ያቺ ልጅ ከወጣች እዚያ ቤት ውስጥ አስካለችን የሚመስል ነገር አይቀርም። ስታኮርፍ አንዱን ቅንድቧን ብቻ የምታነሣው እንደ እናቷ ነው። አንዳንድ ቀን ያቺን ቅንድብ ለማየት ሲል ያስኮርፋታል።

ኅዳር መግቢያ ላይ፣ የቢሮው ተላላኪ ዳና ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ጥሩ ክትፎ የሚሠራ ቤት እንደተከፈተ ነገረው። ቅዳሜ ልጁን እጇን ይዞ ወደዚያ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ቤቶች አልፈው፣ እንሰት አጥር የሆነበት ቦታ ሲደርሱ፣ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አስቀምጠው ያርፋሉ። መካከላቸው አንዲት ሴት አፉ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ትልቅ ድስት ይዛ ተቀምጣለች፤ ከዳር ዳሩ እንፋሎት ይወጣል።

ብርሃኔ እጁን ለቀቀችው። ተጠርታ አልነበረም። ሄዳ በሁለት ሴቶች መካከል፣ ቦታዋን እንደሚያውቅ ሰው ቁጭ አለች። ባለ ድስቷ በወላይትኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ልጅቷም በወላይትኛ መለሰች። ጉልላት ሶዶ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ከቋንቋው ግን የሚያውቀው ለገበያ የሚበቃውን ያህል ነው፤ ልጁ ምን እንዳለች አልገባውም።

ሴትየዋ ከድስቱ አንድ ትኩስ ጎደሬ አወጣች። ልጣጩን በጣቶቿ ገፈፈችው፣ ኮባ ላይ አድርጋ በመዳፏ አሸችው፣ ትንሽ ቅቤ ጣል አደረገችበት። ዳታውን፣ ያን የሚፋጅ የቃሪያ ድልህ፣ ከጎደሬው ራቅ አድርጋ ከኮባው ጫፍ ላይ ጠብ አደረገች። ልጅቷ ጎረሰች። ደግማ ጎረሰች። ሁለተኛ ጎደሬ ተላጠላት። ጉልላት የምሳ ዕቃውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ፤ ከተጠጋ የምታቆም መስሎት እግሩን አላነሣም።

«ጌታዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች ሴትየዋ። «ልጅ ሲበላ ቆሞ ማየት ጥሩ አይደለም።»

«ታውቂያታለሽ?»

«ብርሃኔን? እንዴት አላውቅም። ሁልጊዜ ቅዳሜ ከቦሼ ጋር ጎደሬ ልትገዛ ትመጣ ነበር። እኔ ሣራ ነኝ፤ ከቦሼ ጋር የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን።»

ቦሼ የሚለውን ስም ከሰማ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አስካለች ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ስሟ ነው፤ በሠርጓ ሰሞን ክርስትና ስትነሣ የለወጡት የጉልላት እናት ናቸው። እሳቸው ከሰሜን የመጡ የነፍጠኛ ልጅ ነበሩ፤ ሙሽራዋ ጎደሬ ስትልጥ ቢያዩ፣ «ሥር ቆፍሮ የሚበላ ከልጄ ማዕድ አይቀርብም» አሉ። አንድ ጊዜ ነው ያሉት። እሷም ሁለተኛ አላስባለቻቸውም። ለባሏ እንጀራውን ፊት ለፊት ክፍል ታቀርብና፣ «አንተ ብላ፤ እኔ በኋላ እበላለሁ» ብላ ወደ ጓሮ ማድ ቤት ትሄዳለች። አማቷ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሷ ግን እስከ ነሐሴ ድረስ እንደዚያው ነበረች።

ጉልላት ይህን አክብሮት ነው ብሎ ለጓደኞቹ ይኮራበት ነበር። እየበላ ከጓሮ የእናትና የልጅ ሳቅ ይሰማል። አንድ ቀን እንኳ ሳህኑን አንሥቶ ምን ያስቃችኋል ብሎ አልሄደም።

«ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?» አለ።

«እርስዎስ ጠየቁ?» አለች ሣራ። የተናገረችው ለራሷም ሳይከብዳት አልቀረም፣ ድስቱን ከደን አደረገችና ቀጠለች። «ቦሼ ሁሌ አንድ ትርፍ ጎደሬ ትወስድ ነበር። ሦስተኛው ለማን ነው ስላት፣ ምናልባት ዛሬ ሽታው ይጠራው ይሆናል ትለኝ ነበር።»

ጉልላት ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ። የመንግሥት ሠራተኛ መንገድ ዳር አይበላም፤ ያልፉ የነበሩ ሁለት የቢሮ ሰዎችም አንገታቸውን አዙረው አዩት። ሣራ የላጠችለትን ጎደሬ ዳታው ላይ ሳይሰስት አጠቀሰ። ዓይኑ ወዲያው ሞላ። ከሴቶቹ አንዷ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ሌሎቹ ሳቁ።

«ዳታ እንደዚህ ያስለቅሳል ወይ ትላለች» አለች ሣራ።

«በይ ዳታው ነው በያት» አለ ጉልላት።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዳና ወዳመላከተው ክትፎ ቤት አልደረሰም። ሣራ ጎደሬውን ትሸጥለት ጀመር፣ ሳይበስል በቶሎ ከወረደ ጉሮሮ እንደሚከረክርም ነገረችው፤ ዳታውን ግን ወንድ አይችለውም ብላ ራሷ ፈጭታ ሰጠችው። እማማ ፈጠነች መዝገብ ጸሐፊው ማድ ቤት ገብቶ ሲያሽ ባዩት ጊዜ አማተቡ።

የጥምቀት ዋዜማ ብርቄ ከአውቶቡስ ወረደች። ቤት ሲደርሱ የልጅቷን ክንድ ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ አየችውና፣ «ደብዳቤህ ላይ ያለቀችው ልጅ የት አለች?» አለች። ጉልላት ከጓሮ ጎደሬውን በኮባው አምጥቶ ፊት ለፊት ክፍል፣ እንግዳ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

ብርቄ እጇን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበች። «ጉልላት፣ እናታችን ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?»

«የምትለውን ብላ ነበር። ሰማናት።» ለራሱ ጎረሰ። «ሰምተናት እዚህ ደረስን።»

ብርቄ በመጨረሻ ከጫፉ ቁንጥር አድርጋ ቀመሰች፤ ጥሩ ነውም መጥፎ ነውም አላለችም። በሦስተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ የተመለሰችው ብቻዋን ነው። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ በመስኮት፣ «ለፋሲካ መጥቼ አያታለሁ፤ ከከሳች አልምርህም» አለችው።

ያን ቀን አባትና ልጅ ከሸኙበት ተመልሰው ጓሮ ማድ ቤት ተቀመጡ። ጉልላት ልጦ አሸ፣ ቅቤውን አደረገ፣ ዳታውን ራቅ አድርጎ ጠብ አደረገ። ጎረሰችና ሲያያት አየችው።

«እንደ እናትሽ ነው?» አለ።

ብርሃኔ አኝካ እስክትውጥ አስጠበቀችው። አንዱን ቅንድቧን አነሣች።

«አይደለም» አለች። «የእማዬ ይበልጣል።»

«እኔ ቀምሼው አላውቅም» አለ ጉልላት።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ኮባውን ወደሱ ገፋ አድርጋ፣ እናቷ እንዴት ታሽ እንደነበር በትንንሽ ጣቶቿ ታሳየው ጀመር።