የቀበቶው ጭራ

በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ ሎሪዎች በሚጫኑበት ሜዳ፣ ጭነት ማሰር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁንም የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሊስተካከለኝ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ከኢትዮጵያ ተሰድጄ ስመጣ ይዤ የመጣሁት ሁለት እጄን ብቻ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። የጎልቦ ቆላ ሰዎች ግመል ሲጭኑ ቆሜ አየሁ፤ ግመሏ እንዳትረግጠው የገመዱን ትርፍ የት እንደሚሸጉጡት ለየሁ፤ የቀረውን ራሴ ደረስኩበት።

ከጊዜ በኋላ የሜዳው ደንብ እንዲህ ሆነ፦ እኔ ጭነቱን ዞሬ አይቼ የሎሪውን ጎን በመዳፌ ካልመታሁ ሾፌር ሞተር አያስነሳም። ከጭነቱ ላይ የተሳፈሩት «ምዜ ይምቱልንና እንሂድ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ምዜ እዚህ ሽማግሌ ማለት ነው። እኔን ግን ጸጉሬ ገና ጥቁር ሳለ ነው እንዲያ ያሉኝ።

ይህን ደንብ ያጠፋው ቀበቶ ነው።

ወደ ኡራን መንደር የሚመላለሰው ሎሪ ባለቤት ነጋዴ ሴት ናት፤ ሁላችንም ማማ እንላታለን። ገመዱን ትታ ባለ ብረት ማጥበቂያ ቀበቶ ገዛች። ብረቱን ወዲያ ወዲህ ሲሉት ይጠብቃል። አንዱን ቤቴ ወስጄ አልጋዬ ላይ እያሰርኩ እየፈታሁ መረመርኩት። ማሰሩንስ ያስራል። ክፋቱ ጭራው ነው። የገመዱን ትርፍ አጠር አድርጌ ከላይ እተውላቸው ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ጀሪካናቸውን ያንጠለጥሉበታል። የቀበቶው ትርፍ ግን ጠፍጣፋና ረጅም ነው፤ ነፋስ ያርገበግበዋል፣ ክብደት ሲያገኝ እስከ ጎማው ይወርዳል። ስለዚህ ሎሪው ሲጫን ጠቅልዬ ከተወጠረው ቀበቶ ስር ሸጎጥኩት፤ ከአሮጌ ጎማ በቆረጥኩት ላስቲክም አሰርኩት።

«ታዲያ ጀሪካኔን አንገቴ ላይ ላንጠልጥለው?» አለች አንዲት ሴት ከላይ ሆና። ሌሎቹም ሳቁ።

«ከጎማው አንገትሽ ይሻላል» አልኳት።

ሾፌሩ ማሰርን ከእኔ የተማረ ሰው ነው። መጥቶ ላስቲኬን ፈታው። «ጋሼ፣ ያ ዘመን አለፈ። አሁን የሚያስረው ብረቱ ነው።»

አጠገባችን ወደቆመችው ማማ ዞርኩ። «ይተዉት፣ ምዜ» አለች። «ሰው አናስቀይም። ይሄን ደግሞ ማንም ያጠብቀዋል፤ እርስዎ አሁን ይረፉ።»

«እኔ ልረፍ? ጎኑን ማን ሊመታ ነው?»

«ክላክስ አለው» አለ ሾፌሩ። አስጮኸውና ሄደ። ጭራዎቹ በሁለቱም ጎን እየተርገበገቡ ሲርቁ አየኋቸው።

በመንገዱ ላይ ካለችው ከኦዳ መንደር ብዙም አልራቁም። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲነጥር የሴትዮዋ ጀሪካን ጭራውን ይዞ ወደ ኋላ ጎማው ወረደ። ጎማው ቀበቶውን እየጠቀለለ ጎተተው፤ ማጥበቂያው ተሰበረ፤ የዱቄቱ ጆንያ ሁሉ በአንድ ጎን ተናደ። ሴትዮዋ አብራ ወደቀች፤ ክንዷ ተሰበረ። በሰው ስብራት አልደሰትም። ግን ተናግሬ ነበር።

ወሬው እንደደረሰኝ ገመዴን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ በሞተር ሳይክል ሄድኩ። ጆንያውን እንደገና አስደረደርኩ፣ በገመዴና በተረፉት ቀበቶዎች አሰርኩ፣ ጭራዎቹን አንድ በአንድ ጠቅልዬ ሸጎጥኩ። ቀድማኝ የደረሰችው ማማ «ፖሌ፣ ምዜ» አለችኝ፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። «ከነገ ጀምሮ ወደ ቦታዎ ይመለሱ» እስክትለኝ ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲያ የተናገረችው ግን ስለ ዱቄቱ ብቻ ነበር።

ሎሪው ለሚቀጥለው ጉዞ ሲጫን ቀድሜ ሜዳው ደረስኩ። ጭራዎቹ ሁሉ ተጠቅልለዋል፤ በአሮጌ ጎማ ላስቲክም ታስረዋል። አጠቃለሉ የእኔ፣ አሸጓጎጡ የእኔ። አንድ ተሳፋሪ ሾፌሩን «ይሄን ማን አሳየህ?» አለው።

«መንገዱ አስተማረኝ» አለ። የቆምኩት አጠገቡ ነው።

ጭነቱን ዞሬ አየሁ፤ እንከን አጣሁበት። ጎኑን ልመታ እጄን ሳነሳ ክላክሱ ጮኸ፤ ሎሪውም ከመዳፌ ስር ሄደ።

እንግዲህ ማንም ስለማይናገርልኝ ያደረግኩትን ራሴ እጽፋለሁ። በዚህ ሜዳ መምህር ሳይኖረኝ የጭነት አሳሪዎች ሁሉ የበላይ ሆኛለሁ። በእኔ እጅ ታስሮ የወጣ ጭነት መንገድ ላይ ተናዶ አያውቅም። የቀበቶውን ክፋት ከሁሉ ቀድሜ፣ ሰው ሳይወድቅ አይቻለሁ። የተናደውን አንስቼ ኡራን እንዲደርስ አድርጌያለሁ። ዛሬ ከሞያሌ የሚወጣ ሎሪ ሁሉ ጭራውን በእኔ አጠቃለል ሸጉጦ ይሄዳል፤ ስሜን የሚያነሳ የለም። እኔም ጎኑን ልምታ ብዬ ማንንም ሳልለምን፣ ገመዴን ጠቅልዬ ከሜዳው ወጥቻለሁ።